ጠያቂን የሚቀጣው የሲያትል ዕድር

ይህ ጉዞ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። አሜሪካ ደርሶ የተመለሰ ሰው ስለ ረጃጅም ሕንጻዎች፣ ስለ ባሕሩና ስለ መርከቦቹ ይጠየቃል። እኔ ግን ሲያትል ከቆየሁባቸው ቀናት አብዛኞቹን ያሳለፍኩት በአንድ ቤት ወጥ ቤት፣ በአንድ ታክሲ የኋላ መቀመጫና በአንድ ዕድር ስብሰባ ላይ ነው። ከተማው የሚታወቅበትን ረጅም ማማ ያየሁት በታክሲው መስኮት ነው፤ እሱም ግማሹ ደመና ውስጥ ነበር። የክፍል ጓደኞቼ «ታዲያ ምን አየሽ?» ሲሉኝ «ሰው ሲታመም አየሁ» ብዬ አሳቅኳቸው። መምህራችን ግን አልሳቁም። «እሱን ጻፊው» አሉኝ። ስለዚህ በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ። የማያስፈልግ ነገር ካበዛሁ አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

ደሴ በሚገኝ የጤና ኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። በጉዞዬ ጊዜ የአሳማ ጉንፋን የተባለው በሽታ በየአገሩ እየተዛመተ ነበር። መምህራችን ቀደም ሲል ሲያትል ስለተማሩ፣ እዚያ ያለ አንድ የጤና ቢሮ ለስደተኞች በየቋንቋቸው መልእክት እንዴት እንደሚያደርስ እንዲያዩ ሁለት ተማሪዎች ጋበዘ። የተመረጥነው በአማርኛ ጽሑፍ ውድድር ነው። የጤና እውቀት ፈተና ቢሆን ኖሮ እኔ አልሄድም ነበር። አብሮኝ ሊሄድ የነበረው ልጅ ቪዛ ተከለከለና ብቻዬን ቀረሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 7 ቀን 2002 ዓ.ም. ከደሴ ተነሳሁ። እናቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ፤ በሶና ቆሎ በሁለት ላስቲክ ቋጥራ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችልኝ። «ሰው ቤት ስትገቢ እጅሽን ሳትታጠቢ ምንም እንዳትነኪ። የጤና ተማሪ ነሽ፣ ይታዘቡሻል» አለችኝ። ኮምቦልቻ ስንደርስ ፀሐይ ወጣች፤ ሸዋ ሮቢት ሹራባችንን አስወለቀን፤ ጣርማ በር ላይ ጭጋጉ መልሶ አስለበሰን። ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ሰው ከከሚሴ ጀምሮ አዲስ አበባ ድረስ ያስል ነበር። አጠገቡ የነበሩ እናት ሎሚ ቆርጠው ሰጡት፣ ከየት እንደመጣና ስንት ልጆች እንዳሉት ጠየቁት፣ ትከሻቸው ላይም አስተኙት። ያኔ ልብ አላልኩትም። ልብ ያልኩት በኋላ አውሮፕላን ውስጥ ነው።

ማክሰኞ ምሽት ከቦሌ ተነሳን። ፍራንክፈርት ላይ ወደ ሲያትል የሚሄደው አውሮፕላን ውስጥ ገብቼ ትንሽ እንደሄድን ደረቁ አየር ጉሮሮዬን ያዘኝና ሳልኩ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ፈገግ ብለው አንድ ነገር አሉኝ፤ ከዚያ አስተናጋጇን ጠርተው ወደ ሌላ መቀመጫ ተዛወሩ። ሲሄዱም በትሕትና ነበር፤ ብርድ ልብሳቸውን እንኳ ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ። እኔ ግን እስክንደርስ ድረስ ሳሌን ስውጥ ቆየሁ።

ረቡዕ ሲያትል ደረስኩ። በአውሮፕላን ማረፊያው ግድግዳ ላይ ሰው ወደ ክርኑ ሲያስል የሚያሳይ ሥዕል በየቦታው ተለጥፏል። እኛ አገር በነጠላ ጫፍ የሚደረገውን እነሱ በክርን ያደርጉታል። አስተናጋጆቼ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር፦ ጋሽ ታምራት፣ ታክሲ ነጂ፤ ባለቤታቸው እትዬ ወይንሸት፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሚሠሩ። መምህራችን ተማሪ ሳሉ የተከራዩት የእነሱን ምድር ቤት ነበር። ኮሌጁ በሰጠኝ መመሪያ ላይ «ከመሳሳም ተቆጠቢ» የሚል ስለነበር እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። እትዬ ወይንሸት እጄን አየት አደረጉና ጎትተው ሦስት ጊዜ ሳሙኝ።

«ወረቀቱን እኛም አንብበነዋል፤ ከነገ ጀምሮ» አሉኝ።

ቤታቸው ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባል ሰፈር ነው። ዕለቱ ረቡዕ ስለሆነ ምስር ወጥና ጎመን ቀረበ። እንጀራው እንደ እኛ ዓይነት ሆኖ ትንሽ ወፈር ይላል። ጋሽ ታምራት ብርሃኑን እያበሩ «የደሴ ልጅ፣ ብርድ አትፈሪም አይደል?» አሉኝ። አልፈራም ብዬ በሁለት ብርድ ልብስ ተኛሁ።

ሐሙስ ልጃቸው ቤቲ ሰፈሩን አሳየችኝ። ቤቲ ከባሏ ጋር በዚያው ቤት ምድር ቤት ትኖራለች፤ ባሏ ታኮማ ወደብ ስለሚሠራ ጠዋት ወጥቶ ምሽት ነው የሚገባው። የሰባት ወር እርጉዝ ናት፤ የመጀመሪያዋ ነው። አማርኛዋ ጥሩ ሆኖ ሳለ ስትደክም በእንግሊዝኛ ትመልሳለች።

ከተማው እንደ ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ዝናቡ ግን ሌላ ነው። የደሴ ዝናብ መጥቶ፣ ጮሆ፣ ሁሉን አርሶ ይሄዳል። የሲያትል ዝናብ አይመጣም፣ አይሄድም፤ ተቀምጦ ይውላል፤ ጃንጥላ የያዘም ብዙ ሰው አላየሁም። ፀጉር ቤቶችና የአገራችን ምግብ ቤቶች የተደረደሩበትን ሬይኒየር ጎዳና ይዘን ሄድን። ከጎዳናው ጫፍ ሰማይ ሲጠራ ትልቅ ተራራ ይታያል አለችኝ። እኔ በቆየሁበት ጊዜ አልታየም፤ የደሴው ተራራ ጦሳም በክረምት እንዲሁ ስለሚያደርገን አልቀየምኩትም።

መንገድ ላይ ቤቲ ስለ ጉንፋኑ ጠየቀችኝ። ሐኪሟ በሽታው እርጉዞችን ከሌላው ሰው ይበልጥ እንደሚጎዳ ነግራታለች። ክትባቱ ገና በበቂ አልመጣምና ተራ እየጠበቀች ነው። «ሶ፣ እስከዚያ እማዬን ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ነው ሥራዬ» አለች። «አንቺ ገና አታውቂያትም። ሰው ታመመ ከተባለ ጫማ ሳታደርግ ነው የምትወጣው።» ሆዷን ይዛ ስቃ ነበር የነገረችኝ፤ ነገር ግን ሁለት ጊዜ ነገረችኝ።

ዓርብ ዮናስ መጥቶ ወደ ቢሮ ወሰደኝ። ዮናስ በዲቪ የመጣ፣ የቢሮው የአማርኛ መልእክቶች የሚያልፉበት ወጣት ነው፤ ቁምነገረኛ፣ ሲናገር ጣቱን በጠረጴዛ ላይ የሚያሰልፍ። በየሱቁና በየቤተ ክርስቲያኑ ያሰራጩትን ወረቀት አሳየኝ። ዋና ዋናው ይህ ነበር፦ «ትኩሳትና ሳል ከያዘዎ ከቤት አይውጡ። መታመምዎን ለቤተሰብና ለወዳጅ ያሳውቁ። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ሲያስሉ በክርንዎ ይሸፍኑ።»

ማሳወቁ ለምን እንዳስፈለገ ጠየቅሁት። በዚህ አገር ብቻውን የሚኖር ብዙ ስለሆነ፣ ሰው በትኩሳት ተኝቶ የሚያውቅለት እንዳይጠፋ ነው አለኝ። ትክክል መስሎ ታየኝ። የፊደል ስሕተት ፈልጌ ሁለት አገኘሁና አረምኩ። ዮናስ ሲያመሰግነኝ ደስ አለኝ፤ ለመምህሬ የምጽፈውንም በልቤ ጀመርኩ። እሱ ግን ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነበር። ወረቀቱን ያላነበበ የእኛ ሰው እንደሌለ፣ ሲጠየቁም በቃላቸው እንደሚሉት፣ ሆኖም በሽታው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየዘለለ እንደሆነ ነገረኝ። «የቱ ጋ እንደተሳሳትን ቢገባኝ ጥሩ ነበር» አለ። እኔም አልገባኝም፤ ግን ወረቀቱን ደግሜ አነበብኩት።

ቅዳሜ ኅዳር ሚካኤል ነበር። ደሴ ብሆን ኖሮ የሰፈሩ ቆሻሻ ሁሉ ተጠርጎ ይቃጠል፣ መንደሩም በጭስ ይሞላ ነበር፤ እትዬ ወይንሸት ግን እዚህ አገር ግቢ ውስጥ እሳት ቢያነዱ የእሳት አደጋ መኪና እንደሚመጣ ነገሩኝ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ ልንቀርብ ስንል ስልክ ተደወለ። እትዬ አበራሽ ታመዋል።

እትዬ አበራሽን እዚህ ላይ ማስተዋወቅ አለብኝ። እትዬ ወይንሸት አዲስ መጤ ሳሉ ሌሊት ሌሊት ይሠሩ ነበርና፣ ቤቲን እያስተኙ፣ እያበሉ፣ ትምህርት ቤት እያደረሱ ያሳደጉ ጓደኛቸው ናቸው። የቤቲ ክርስትና እናትም እሳቸው ናቸው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ሾርላይን በምትባለው ጸጥ ያለች ሰፈር ብቻቸውን ይኖራሉ።

እትዬ ወይንሸት ምሳውን ትተው አጥሚት ማማሰል ጀመሩ። ቤቲ ከምድር ቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«እማዬ፣ ፕሊስ አትሂጂ። ኮል አድርጊላት።»

«ለክርስትና እናትሽ ኮል? አንቺን በስልክ ነው ያሳደገችሽ?»

«አልረሳሁም። ግን ሐኪሜ ያለችውን አብረን ነው የሰማነው።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ የተማርሽው ንገሪን» አሉኝ እትዬ ወይንሸት። ሁለቱንም ደስ ማሰኘት ፈለግሁ። መጠየቁም ተገቢ ነው፣ መጠንቀቁም ተገቢ ነው አልኩ። ሁለቱም ቅር አላቸው። ከዚያ እንደምንም ብዬ፣ በሩ ድረስ ሄደን ሳንገባ ብንመለስስ አልኩ። እትዬ ወይንሸት አጥሚቱን ሰማያዊ ክዳን ባለው ድስት ሞሉና በፎጣ ጠቀለሉት።

ሾርላይን ስንደርስ ጋሽ ታምራት ታክሲውን የሚያቆሙበት አጡ። መንገዱ ግራና ቀኝ እስከ መታጠፊያው መኪና ነው። «ሠርግ ነው እንዴ? የት ፓርክ ላድርግ?» አሉ። በሩ ላይ የጫማ ክምር አለ፤ በሩም ክፍት ነው። ደፉ ላይ ቆሜ ያየሁትን መቼም አልረሳውም። ሰው በሰልፍ ወደ ወጥ ቤቱ ቧንቧ እየሄደ እጁን በሳሙና ይታጠባል። የታጠበው ሳሎን ገብቶ የታመሙትን ሴትዮ ከብቦ ይቀመጣል። ማሳል የመጣበት በክርኑ ይሸፍናል። የእኛ ወረቀት ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል።

እጃቸውን በፎጣ እያደረቁ የነበሩ አንዲት ሴት ከጤና ቢሮ መምጣቴን ሲሰሙ በኩራት ሊያስረዱኝ ቀረቡ። «እንዳላችሁት ነው ያደረግነው ልጄ። ከቤት አትውጪ አላችኋት፣ አልወጣችም። አሳውቂ አላችኋት፣ አሳወቀች። እኛም መጣን።»

እትዬ ወይንሸት ድስቱን ታቅፈው ደፉ ላይ ቆመዋል፤ ጫማቸውን አላወለቁም። እትዬ አበራሽ ከተኙበት አይተዋቸው እጃቸውን አንስተው ጠሯቸው። እትዬ ወይንሸት እኔን አዩኝ፤ ቤቲን እንዳዩ ነው የቆጠርኩት። ከዚያ ድስቱን ደረጃው ላይ አስቀምጠው «እግዜር ይማርሽ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ድምፃቸው ሳሎኑ ድረስ የደረሰ አይመስለኝም። እትዬ አበራሽ እጃቸውን ወዲያው አላወረዱም።

መኪና ውስጥ እትዬ ወይንሸት እንባቸውን አልጠረጉትም። ጋሽ ታምራት እየነዱ ሊያጽናኑ ሞከሩ። «ለቅሶ ብትቀሪ ኖሮ ዕድሩ ይቀጣሽ ነበር። ለዚህ ማንም አይቀጣሽም።»

«ቢቀጣኝ ይሻለኝ ነበር» አሉ። «ከፍዬ ይወጣልኝ ነበር። ይኼ አይወጣልኝም።»

ያን ቀን ከሰዓት ደጋግመው ደወሉ፤ እትዬ አበራሽ ስልኩን አላነሱም። ምሽት ላይ አንዲት ጎረቤት ደውላ ያሉትን ነገረቻቸው፦ «ደጄ ድረስ መጥታ እንደ ፖስታ ቤት ሰው ድስት አስቀምጣ ሄደች።»

እሑድ ጠዋት ለዮናስ ደወልኩለትና ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት። ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ቆመ። «ሶ፣ ሰዎቹን የጠራናቸው እኛ ነን» አለ። የፈረንጁ ወረቀት የተጻፈው ታማሚን ማንም ለማይጠይቅበት ቤት ነው፤ እኛ ደግሞ ቃል በቃል ገልብጠነዋል። ታዲያ አትጠይቁ ብለን እንጻፍ ወይ አልኩት። እሱ የሚሠራ አልመሰለውም። ሁሉም ወረቀቱን አንብቦ «ሌላው ይቅር፣ እኔ ግን ቅርቧ ነኝ» ብሎ ይሄዳል። የቀረው ደግሞ እንደ እትዬ ወይንሸት ይቃጠላል። እዚህ ላይ እትዬ ወይንሸት መኪና ውስጥ ያሉትን ነገርኩት። «ቢቀጣኝ ይሻለኝ ነበር» ያሉትን አስደገመኝ።

«ዕድሩ ዛሬ ስብሰባ አለው አይደል?» አለኝ።

ስብሰባው ኮሎምቢያ ሲቲ ባለ የአገራችን ምግብ ቤት የኋላ ክፍል ነበር። የእናቴ ዕድር ደሴ ውስጥ አባላቱን በጥሩምባ ይጠራል፤ ይህኛው በስልክ መልእክት። ድንኳንና ብረት ድስት የለውም፤ ዋና ሥራው አስከሬን አገር ቤት ማድረስና ሐዘንተኛን ማስተዛዘን ነው። የቀረው ያው ነው። የጉራጌው፣ የትግሬው፣ የኦሮሞው ቅላጼ ያለበት አማርኛ በአንድ ክፍል ይቀላቀላል፤ የዘገየ ይገሠጻል፤ ለቅሶ የቀረም ስሙ ተጠርቶ ይቀጣል። ጋሽ ታምራት ጸሐፊው ናቸው። ዳኛው አቶ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁሉም አንቱ ይላቸዋል። ዮናስ ቀደም ብሎ አነጋግሯቸው ነበርና፣ ሌላው ጉዳይ ሲያልቅ ብድግ አሉ።

ከዛሬ ጀምሮ ጉንፋኑ የያዘው ሰው ቤት የገባ ሁሉ ለቅሶ እንደቀረ ተቆጥሮ እንዲቀጣ ሐሳብ አቀረቡ። ክፍሉ ተንጫጫ። ታማሚ የጠየቀ የሚቀጣበት ዕድር በየት አገር አለ ያለ ነበረ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ተነሡና «ባለፈው ወር ለቅሶ ቀርቼ ቀጣችሁኝ። አሁን ደግሞ ሄጄ ልቀጣ?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

አቶ ደምሴ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። «ትናንት ኅዳር ሚካኤል ነበር» አሉ። «አባቴ የኅዳር በሽታን ያዩ ናቸው። ሰው ተጠያይቆ ተጠያይቆ ቤቱ ሁሉ ባንድነት ተኛ፤ በመጨረሻ ውኃ የሚያቀብል ጠፋ ይሉን ነበር። እኔ ውኃ የሚያቀብል እንዲተርፍ ነው የምለው።»

ቀጥለው እኔን እንድናገር ጠሩኝ። ከወረቀት ላይ አነበብኩ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚያልፍና ለእርጉዝ ለምን እንደሚከፋ ተናገርኩ። እርጉዝ ስል ብዙ ሰው ዞር ብሎ እትዬ ወይንሸትን አየ። ጥግ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ትናንት ሾርላይን ፎጣ ይዘው ያነጋገሩኝ ሴትዮ ቀስ ብለው ተነሡ።

«እኛኮ ትናንት ከበር ተመለሰች ብለን ስናማት ነበር» አሉ።

«ይቅርታ ጠይቋት» አሉ አቶ ደምሴ። «ለሐሜት ቅጣት አላወጣንም፤ ብናወጣ ዕድሩ ይበለጽጋል፣ እኛ እንደኸያለን።»

ውሳኔው በዚህ አለፈ፦ ጉንፋኑ የያዘው ሰው ቤት የገባ ይቀጣል። በስልክ ያልጠየቀም ይቀጣል። ጉንፋኑ ይዞት የዳነ አንድ አባል ብቻ ምግቡን ተቀብሎ በር ላይ ያደርሳል። ያ ወፍራም ሰውዬ ባለፈው ወር ታመው የዳኑ ሆነው ስለተገኙ ለዚህ ሥራ ተመረጡ፤ «ቅጣቱ ይሻለኝ ነበር» ብለው ተቀበሉ። ስንወጣ ጋሽ ታምራት ለባለቤታቸው «ከሾርላይን ጠያቂ ሁሉ ሕግ ያከበርሽው አንቺ ብቻ ነሽ» አሏቸው። እትዬ ወይንሸት ፈገግ አላሉም። «አበራሽ ካላወቀችው ሕግ ምን ያደርግልኛል» አሉ።

ሰኞ ከዮናስ ጋር አዲስ ወረቀት ስንጽፍ ዋልን። «ከቤት አይውጡ» ከሚለው ሥር «እንግዳም አያስገቡ፤ ዕድሩ ከልክሏል» የሚል ጨመርን። የቢሮው ኃላፊ ስለ ቅጣቱ ሲሰሙ ይህ ማስፈራራት አይሆንም ወይ ብለው ጠየቁ። ዮናስ ሲያስረዳ፣ ሰው ሁሉ መቅረት ፈልጎ ሰበብ ያጣ እንደነበር፣ ቅጣቱም ለሁሉም እኩል ሰበብ እንደሰጠ ነገራቸው። ኃላፊዋ ትንሽ አሰቡና የሌሎቹ አገር ሰዎች ወረቀቶች ደግሞ ምን እንደሚጎድላቸው ጠየቁት። እሱን አላወቅንም፤ በየማኅበሩ ሄዶ ሊጠይቅ ቀጠሮ ያዘ።

ማክሰኞ ኅዳር 15 ጾም ገባ። እትዬ ወይንሸት ከሥራ ሲመለሱ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ «ተነሱ» አሉን። ሾርላይን ስንደርስ መንገዱ ባዶ ነበር፤ ጋሽ ታምራት በሩ ላይ ፓርክ አደረጉና «ዕድሩ ለታክሲ ነጂም ጠቅሟል» አሉ። እትዬ ወይንሸት ወደ በሩ አልሄዱም። ሣሩን አቋርጠው ከሳሎኑ መስኮት ፊት ቆሙና ደወሉ። ዝናቡ ተቀምጧል። ስልኩ ብዙ ጠራ። እኔና ጋሽ ታምራት አጥሩ ጋ ቆመን መጋረጃውን እናያለን።

መጋረጃው ተከፈተ። እትዬ አበራሽ ጋቢ ተከናንበው ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገዋል። እትዬ ወይንሸት ስልኩ እንዳይርስባቸው ካፖርታቸው ሥር ይዘው ድምፁን ከፍተው ነበርና ሁሉንም ሰማነው።

«መጣሽ?»

«መጣሁ። አልገባም።»

«ዕድሩ እንደሚቀጣ ነገሩኝ።» እትዬ አበራሽ ሳሉ፤ በክርናቸው ሸፈኑ። «ቅዳሜ ግን ዕድሩ አልነበረም።»

«ቅዳሜ ቤቲ ነበረች» አሉ እትዬ ወይንሸት።

እትዬ አበራሽ ወደ መስታወቱ ተጠጉ። «ይህን በሩ ላይ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አሉ። «የእኔም ልጅ ናት እኮ። እኔ ራሴ አባርርሽ ነበር።»

«ብናገር እንባዬ ይመጣል ብዬ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ዝናብ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ፤ እትዬ አበራሽ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባቸው። ቅዳሜ የመጣው ሰው ሁሉ ሲሄድ ብቻ እንቅልፍ እንደወሰዳቸው፣ ሰው ውጣ ማለት ነውር ሆኖባቸው እንደነበርም ተናዘዙ። አጥሚቱን ጨርሰውታል። እትዬ ወይንሸት ድስቱን በር ላይ እንዲያወጡላቸው ጠየቁ።

«ድስት ባዶውን አልመልስም» አሉ እትዬ አበራሽ። «ቤትሽ የምገባ ቀን ሞልቼው እመጣለሁ። እስከዚያ እኔ ጋ ይቀመጥ።»

ወደ ቤት ስንመለስ እትዬ ወይንሸት ለቤቲ ምንም አልነገሯትም፤ ልብሳቸውን ቀየሩ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ከዚያ ፊቷን በመዳፋቸው ያዙት። ቤቲ ወደ እኔ ዞር ብላ «ኦኬ?» አለችኝ። ኦኬ አልኳት። በዚህ ጉዞ ላይ ሁሉንም ያስደሰተ መልስ የሰጠሁት ያን ጊዜ ብቻ ይመስለኛል።

የቀሩት ቀናት በሰላም አለፉ። ሐሙስ የአገሩ ሰው የምስጋና በዓሉን ስለሚያከብር ቢሮው ተዘጋ። ከጎረቤት ያሉ ፈረንጆች ለእኛ ብለው ቱርክ የሚሉትን ትልቅ ዶሮ ጠብሰው በሳህን ይዘው መጡ። ጾም መሆኑን ማንም ሊነግራቸው አልደፈረም፤ ጋሽ ታምራት አመስግነው ተቀበሉና የማይጾመው የቤቲ ባል ከታኮማ ሲመለስ ብቻውን በላው። ቅዳሜ ከመሄዴ በፊት እትዬ ወይንሸት ለእናቴ ሹራብ ሰጡኝ። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ልስማቸው ስጠጋ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ወደ ኋላ አሉ። «ቤት ውስጥ እርጉዝ አለችኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ ጋሽ ታምራት ከሥራ በገቡ ቁጥር እትዬ ወይንሸት እንዲሁ ያደርጉባቸው እንደነበር ቤቲ ነግራኛለች።

ደሴ ስገባ እናቴ ሹራቡን ለብሳ ታሪኩን ሁለት ጊዜ አስነገረችኝ። ጠያቂን የሚቀጣ ዕድር መኖሩን ለጎረቤቶቿ ስትነግራቸው አላመኗትም፤ «አሜሪካ ስለሆነ ነው» አሉ። እኔ ግን እንደዚያ አይመስለኝም። የዚያ ዕድር ሰዎች በሙሉ ከእኛው መንደሮች የሄዱ ናቸው፤ ውሳኔውም ሌላ ማንም ሊያስበው የማይችል የእኛው ዓይነት ነበር።

ቤቲ ክትባቱን በታኅሣሥ አገኘች፤ በጥርም ወንድ ልጅ ወለደች። ዕድሩ ክልከላውን ወደ አራስ ቤትም አስፍቶት ገና አላነሣውም ነበርና እልልታው በስልክ ሆነ። ከዳኑ የቆዩት እትዬ አበራሽ እንኳ አልገቡም፤ ጃንጥላ ይዘው ግቢው ውስጥ ቆሙና ሕፃኑን በመስኮት አዩት። ጋሽ ታምራት በስልክ ሲነግሩኝ «ተራዋን ከፈለች» አሉ።

ዕድሩ ቅጣቱን ያነሣው በቅበላ እሑድ፣ ከስብሰባው ወዲያው በኋላ እንዲጸና ብሎ ነው። ከምግብ ቤቱ የወጣው ሰው ሁሉ ወደ አራሷ ቤት ሊሄድ መኪናውን ሲያስነሣ፣ አቶ ደምሴ አስቁመው አንድ ሰው እንዲቀድም አዘዙ። እትዬ አበራሽ እጃቸውን ታጥበው፣ ሰማያዊ ክዳን ባለው ድስት ገንፎ ሞልተው ወደ ኮሎምቢያ ሲቲው ቤት ገቡ። ቀኑ ጥር 30 ቀን 2002 ዓ.ም. ነበር።